ሐሙስ የተወለደው ሐሳብ

ነገሩ የጀመረው በእኛ በፓኮኩ ሰዎች አቆጣጠር በ1353፣ የዝናቡ ወር የዋሶ ሙሉ ጨረቃ ባለፈ በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ወይስ በ1354 ነበር? የሚታኘክ ቅጠል ሻጯ ዶ ፒዩ 1353 ነው ብላ ትምላለች። የሻይ ቤቱ ባለቤት ኡ ሶ ቴይን ግን በዚያ ዓመት ወንዙ ሞልቶ ገበያው ሁለት ሳምንት ተዘግቶ ነበርና ሊሆን አይችልም ይላል። ሁለቱም ሌላ ጊዜ ሲዋሹ ተይዘዋል። ዓመቱን ለእነሱ እንተወው። ቀኑ ግን ሐሙስ መሆኑ አያጠራጥርም፤ በዚያ ጠዋት የተወለደው ስሙ ኡ ባ ማውንግ ነው፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ ተወልዶ ቢሆን በዚህ ስም የሚጠራው ሰው አይገኝም ነበር። ሐሙስ የተወለደ ስሙ በፐ፣ በበ ወይም በመ ይጀምራል። ይህን በከተማችን በፓኮኩ ጡት ያልተወ ሕፃን እንኳ ያውቃል።

ኡ ባ ማውንግ ግን ሰው አልነበረም። የዶ ኙንት ዪ ሐሳብ ነበር።

ዶ ኙንት ዪ ከጀልባው መቆሚያ አጠገብ፣ ከትልቁ የሮቃ ዛፍ ሥር የአምባዛ ሾርባ የምትሸጥ ሴት ናት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከዚያ ዛፍ ሥር የጠፋችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ልጇን ሞ ሞን የወለደች ጊዜ፣ ባሏ የሞተ ጊዜ፣ ሦስተኛው ደግሞ አሁን የምናወራው ነው። ዓሣውን ቀቅላ፣ እሾሁን አንድ በአንድ ለቅማ፣ ከጠጅ ሳርና ከሙዝ ግንድ ጋር ታንተከትከዋለች። የሽምብራ ዱቄት በጥብጣ ታወፍረዋለች። ከዚያ የሩዝ ፓስታው ላይ ትገለብጠዋለች። ሾርባዋ የታመመ ያስነሳል ይባላል። አፏ ደግሞ ጤነኛውን ያስተኛል። «አክስቴ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ» ያላትን ሰው ከላይ እስከ ታች አይታ፣ «ለየትኛው ሆድህ?» ትለዋለች። ጭልፋዋ ግን እያንጓጠጠችም ይጨምራል። ለዚህ ነው ሰው ስድቧን ከሾርባው ጋር አብሮ የሚጠጣው።

በዚያ ዓመት የኮ ሄይን ቤተሰብ ሞ ሞን ፈልጎ ቃል ላከ። ኮ ሄይን ወንዙን ተከትሎ ባለችው በሞኒዋ ከተማ የጀልባ ሞተር የሚጠግን፣ ከመጠን በላይ ዝምተኛ የሆነ ልጅ ነው። እናቱ ዶ አይ ቻን ግን እዚሁ እኛ ከተማ ሠላሳ ሁለት ዓመት ያስተማረች፣ ግማሹን ገበያ በአለንጋ የገራች ጡረተኛ ናት። አሁንም ድረስ ዓሣ ነጋዴዎቹ ስታልፍ አይተው ጀርባቸውን ያቀናሉ። ቃሉ ከመጣ ወዲህ ዶ ኙንት ዪ የልጁን ነውር ትለቅም ጀመር፤ የአምባዛ እሾህ እንደምትለቅመው ማለት ነው። ጆሮው ትልቅ ነው አለች። ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ድምፅ የሌለው ሳቅ ደግሞ የሌባ ሳቅ ነው አለች። አንድ ቀን፣ «አረማመዱን አየሽው? መሬቱን የተበደረው ይመስላል» ስትል ሞ ሞ የልብስ ስፌት መኪናዋን አቁማ ዞረች።

«እማ፣ ባለፈው ደግሞ መሬቱን የገዛው ይመስላል ብለሽ ነበር።»

«ሁለቱም ነው።»

«ሾርባውንም ሁለት ጊዜ ጨው ጨመርሽበት። ሰዉ ፈርቶሽ ዝም ብሎ ጠጣው። እባክሽ ገዳም ሂጂና አሥር ቀን ተቀመጪ። ሾርባውን እኔ እሸጣለሁ።»

እኛ ዘንድ ሰው ቤት ውስጥ ሲከብድ ወደ ገዳም ይላካል። ዐይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል፣ የገዛ ሐሳቡን ያያል፣ ቀሎ ይመለሳል። አንዳንዱ ከብዶ ይመለሳል፤ ይህም ያጋጥማል። ዶ ኙንት ዪ «ሐሳቤን ለማየት አሥር ቀን? ከሁለት አይበልጥም እኮ» ብላ እያጉረመረመች ሄደች።

ጉልበቷ ስለሚያማት አዳራሹ መጨረሻ፣ ምሰሶ ተደግፋ ተቀመጠች። መምህሩ ስድሳ ዓመት የመነኮሱ፣ ድምፃቸው እንደ ክር የቀጠነ ሽማግሌ ናቸው። በዚያ ላይ የዋሶ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። መምህሩ ያሉት እንዲህ ነው፤ «ሐሳብ ሲመጣ በልባችሁ ስሙን ጥሩት። ቁጣ ከሆነ ቁጣ በሉት፤ ምኞት ከሆነ ምኞት በሉት።» ምሰሶው ሥር የደረሰው ግን ይህ ብቻ ነው፤ «ሐሳብ ሲመጣ… ስም…»

ዶ ኙንት ዪ ነገሩ ትንሽ ከነከናት። ቢሆንም ታላቅ መምህር ያለ ምክንያት አይናገርም። ስም አወጣጥ ደግሞ የታወቀ ነው፣ በተወለደበት ቀን ነው። ሐሙስ ጠዋት ዐይኗን እንደጨፈነች አንድ ሐሳብ መጥቶ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «ሞ ሞ ካገባች በኋላ ጉልበትሽን ማን ያሽልሻል? ጀልባው ላይ ትወጣለች፣ እጇን ታውለበልባለች፣ አለቀ። ይህን የምልሽ ለራስሽ ሳይሆን ለልጅሽ ስል ነው።» ሐሳቡ ጎልማሳ ነበር፤ እንዲያውም ሽማግሌ። በረንዳ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቶ በመጨረሻ ግባ የተባለ ይመስላል። ለወጣት እንደሚባለው «ኮ» ልትለው ከበዳት፤ ለትልቅ ሴት «ዶ» እንደሚባለው «ኡ» ብላ አከበረችው። ሐሙስ ነውና ኡ ባ ማውንግ አለችው።

ዓርብ ዕለት ኮ ሃን ተወለደ። እሱ መልስ አቀባይ ነው፤ የዛሬ ስድስት ዓመት ዓሣ ነጋዴዋ ለተናገረቻት ነገር ምን ማለት እንደነበረባት ዛሬ ይነግራታል። ቅዳሜ ዶ ትን ትን ተወለደች፤ ከወንዙ ማዶ ያለችው ሾርባ ሻጭ ስንት ሳህን እንደሸጠች ብቻ የምታስብ ምቀኛ ናት።

በአምስተኛው ቀን እያንዳንዱ ሰው ያየውን ለመምህሩ የሚናገርበት ተራ ደረሰ። ዶ ኙንት ዪ ሦስት ጊዜ ሰገደችና አለች፤

«መምህር ሆይ፣ ኮ ሃን ከምሳ በኋላ መጥቶ እስኪመሽ አልሄደም። ኡ ባ ማውንግ ዛሬ አራት ጊዜ መጣ።»

ከመምህሩ አጠገብ የተቀመጠው ወጣት መነኩሴ የልብሱን ጫፍ አፉ ላይ አደረገ።

«ኡ ባ ማውንግ ማን ነው?» አሉ መምህሩ።

«ሐሙስ የተወለደው ነዋ።»

ጉዳዩ ለመምህሩ እስኪገባ ጥቂት ጊዜ ወሰደ። ሲገባቸው ዐይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሱ፤ ዝናቡን የሚወቅሱ ይመስሉ ነበር።

«ሲመጣ ታውቂዋለሽ?»

«በኮቴው አውቀዋለሁ።»

«ሲሄድስ?»

«ሲሄድ አይቼው አላውቅም። ሁልጊዜ ዞር ስል ነው የሚጠፋው።»

«እንግዲያው ስሙን አትቀይሪው። ሲሄድ እስክታዪው ድረስ እይው። ከንፈርሽን ግን ዝጊ።»

ይህንን ሰማች። በዚያች ሰዓት ዝናቡ አባርቶ ነበር። እስከ አሥረኛው ቀን ድረስም ከዚያ ምሰሶ ሥር አንድ ድምፅ አልተሰማም።

ወደ ሮቃው ዛፍ ስትመለስ አፏ ትንሽ ለዝቦ ስለነበር ደንበኞቿ ተሳቀቁ። «ጨምሪልኝ» ያላትን ሰው ዝም ብላ ጨመረችለት፤ ሰውየው በልቶ ሲጨርስ፣ «አክስቴ፣ አስቀየምኩሽ እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። እሷ ግን ሥራ ላይ ነበረች። ገበያው ገበያውን ሲገበያይ እሷ የሚመጡትንና የሚሄዱትን ትጠብቃለች። በጥቂት ቀን ውስጥ ድሮ ያላየችውን ማየት ጀመረች። ኮ ሃን ለብቻው አይመጣም፤ ከኋላው ሁልጊዜ ኡ ባ ማውንግ አለ። ዶ ትን ትን የማዶዋን ሾርባ ስትቆጥር ቆይታ ትንፋሽ ሲያጥራት ቦታውን የሚረከባት እሱ ነው። የኮ ሄይን ጆሮ ትልቅ መሆኑን የነገራትም እሱ፣ መነጽር አድርጎ፣ አስተዋይ መስሎ ነው። በየጊዜው ሌላ ልብስ ይለብሳል። አነጋገሩ ግን ያጋልጠዋል፤ ውሎ አድሮ «ለልጅሽ ስል ነው» ይላል። በዚህ ግኝቷ ዶ ኙንት ዪ የልጅነት ደስታ ተሰማት፤ ድብብቆሽ ስትጫወት የተደበቀውን ልጅ እግር ከመጋረጃው ሥር እንዳየች ማለት ነው።

ደስታዋ ይሁን ሌላ ነገር እንጃ፣ አንድ ቀን ማለዳ ድስቱን እያማሰለች ጮክ ብላ ተናገረች፤

«መጣህ? ቁጭ በል እንግዲህ። ዛሬ ግን አንዲት ቃል አልሰማህም።»

አጠገቧ የሚታኘከውን ቅጠል በኖራ እየቀባች የምትጠቀልለው የዶ ፒዩ ጣት አየር ላይ ቀረ። ዞር ብላ አየች። ከዛፉ፣ ከድስቱና ከአንድ ውሻ በቀር ማንም የለም።

«ኙንት ዪ፣ ከማን ጋ ነው የምታወሪው?»

«ከኡ ባ ማውንግ ጋ።»

«ማን ነው እሱ?»

«ለማንም አትንገሪ፤ ገና አልለመድኩትም።»

ለዶ ፒዩ «ለማንም አትንገሪ» ማለት ለቤተ መቅደሱ ደወል ቀስ በል እንደማለት ነው። ቅጠሏን አስቀምጣ ወንበሯን አስጠጋች።

«የት ነው ያገኘሽው?»

«እዚያው ገዳም፣ ስቀመጥ።»

«በስንተኛው ቀን?»

«በሁለተኛው።»

«በሁለተኛው ቀን። እና መምህሩ ያውቃሉ?»

«ነግሬያቸዋለሁ። ደጋግመሽ እይው ነው ያሉኝ።»

ዶ ፒዩ በዚያ ቀን ብዙ ቅጠል አልሸጠችም። ጊዜ አልነበራትም።

ከሰዓት በኋላ ኡ ባ ማውንግ ሥራ አገኘ፤ ጡረታ የወጣ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ሆነ። በማግስቱ አገር አገኘ፤ ማግዌ ተወለደ። ኡ ሶ ቴይን ሻይ ቤት ውስጥ ደግሞ ቤተሰብ ተደረገለት።

«ሚስቱ ሞታበት ነው» አለ አንዱ።

«የለም፣ ትታው ነው የሄደች። አኩርፎ የሚውል ሰው ነው አሉ።»

«ሪዝ አለው?»

«ነበረው። ለዶ ኙንት ዪ ብሎ ላጨው።»

«ሰዎች፣ እኔ በዐይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ» አለ ኡ ሶ ቴይን፣ ሻዩን ከፍ አድርጎ እያንቆረቆረ። «ሰኞ ዕለት እዚህ ነበር። ረጅም ነው። ጥቁር ዣንጥላ ይዟል። ስኳር አላበዛም።»

ስኳር አለማብዛቱ ሁሉንም አሳመነ። ውሸታም ሰው እንደዚያ ያለ ዝርዝር ከየት ያመጣል?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ገበያው ሁሉ ዣንጥላውን ሲያውቅ ዶ ኙንት ዪ ምንም አልሰማችም። ሴቶች በሚገርም ርኅራኄ ጤናዋን ሲጠይቋት የጉልበቷን ነገር መስሏት ቅባቱን ትነግራቸዋለች። አንዷ፣ «ሰው ብቻውን አይኖርም፣ አይፍረዱብሽ» አለቻት። ዶ ኙንት ዪ መምህሩ የላኩላት ምክር ይመስል በጥሞና አሰበችበት።

ሽማግሌዎቹ ለጋብቻው ጥያቄ ሊመጡ ዘጠኝ ቀን ሲቀር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዶ አይ ቻን ብቻዋን መጣች። አንድ እጅ ሙዝ ይዛለች። ሽርጧ በዝናብ አልረጠበም፤ ዝናቡም ሳይፈራት አልቀረም። ከቀርከሃ ሰሌን ግድግዳው በስተጀርባ የሞ ሞ የስፌት መኪና ይንቀረቀራል። ዶ ኙንት ዪ ምንጣፍ አነጠፈች፣ ሻይ ቀዳች።

«ዶ ኙንት ዪ፣ እኔ መዞር አልወድም። በቀጥታ ልጠይቅዎት።»

«ይጠይቁኝ።»

«ኡ ባ ማውንግ የሚባል ያውቃሉ?»

ዶ ኙንት ዪ ሻዩን አፏ ሳታደርስ አስቀመጠችው። የመጀመሪያ ስሜቷ መገረም፣ ቀጥሎም እህትነት ነበር።

«እርስዎም ጋ ይመጣል እንዴ?»

«እኔ ጋ ምን ሊሠራ ይመጣል?»

«መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው። ግን እሱ የማይገባበት ቤት የለም። የደሃ የሀብታም አይልም። የተማረ ሰው ቤትማ ይብሳል።»

ዶ አይ ቻን አንገቷን ቀና አደረገች።

«በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?»

«ሰዓት የለውም። ብዙውን ጊዜ ድስቱን ሳማስል ነው። ከጀርባዬ ይቆማል።»

«በአደባባይ?»

«የት ይቁም እንግዲህ?»

ዶ አይ ቻን ድምፅዋን ቀነሰች። «ያድራል?»

«አንዳንዴ። ግን ጠዋት ተነሥቼ ሳየው ያን ያህል አይደለም፤ ያንስብኛል።»

«ሞ ሞስ? ታውቃለች?»

«ሌላ ወሬ የለውም እኮ። የሚያወራው ስለ እሷ ብቻ ነው።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ዶ አይ ቻን ተነሣች። ፊቷ ላይ የተቀባችው፣ ከዛፍ ልጥ የሚፈጨው ነጭ ታናካ እስኪሰነጠቅ ድረስ ጉንጯ ተኮሳትሮ ነበር።

«በቃኝ። ልጄ የቤተሰቡን ስም ጠብቆ ያደገ ነው። ወንድ እንደፈለገ ከሚወጣ ከሚገባበት ቤት ጋር አይዛመድም። ዛሬውኑ እጽፍለታለሁ፤ የሚመጣም ሽማግሌ የለም።»

ያኔ ለዶ ኙንት ዪ ገባት። ወንድ። የርኅራኄ አስተያየቶቹ፣ «አይፍረዱብሽ» የተባለችው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተገለጠላት። ሳቅ ከሆዷ ተነሥቶ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ሰው አይደለም፣ ሐሳብ ነው። አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣም።

ዶ አይ ቻን በሩ ጋ ደርሳ ጫማዋን በእግሯ ትፈልጋለች።

«ተያት ትሂድ» አለ አንድ ድምፅ። ክቡርና የተረጋጋ ድምፅ ነው። «አንቺ ሠላሳ ዓመት በላብሽ የኖርሽ ሴት ነሽ። በገበያ ወሬ ለምትነዳ ሰው ምን ታስረጃለሽ? ክብርሽን ጠብቂ። ሞ ሞም ብትሆን ከእንዲህ ያለች አማት ተረፈች። ስፌቷን ትሰፋለች፣ አብራችሁ ትበላላችሁ፣ እንደ ድሮው። ይህን የምልሽ ለልጅሽ ስል ነው።»

ኡ ባ ማውንግ፣ አለች ዶ ኙንት ዪ። እንደ ገዳሙ ጊዜ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ አለችው። እሱም የክብር ካባውን ለብሶ ምንጣፉ መሐል ላይ እንደተቀመጠ ተያዘ።

«ዶ አይ ቻን፣ ጫማዎን ይተዉት። ኡ ባ ማውንግ ሰው አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ሐሳብ ነው። የእኔ ሐሳብ። ሐሙስ ነው የተወለደው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ቆርቆሮውን፣ ምሰሶውን፣ ኮ ሃንን፣ ዶ ትን ትንን፣ ድስቱ ላይ ጮክ ብላ ማውራቷን። ዶ አይ ቻን እንደቆመች አዳመጠች። ተማሪ «ደብተሬን ፍየል በላው» ሲላት ታዳምጥ እንደነበረው ነው ያዳመጠችው። በመጨረሻ ጠየቀች፤

«መልካም። ሐሳብ ከሆነ በሆድ ይታሰባል። ለምንድን ነው ጮክ ብለው የሚያነጋግሩት?»

ዶ ኙንት ዪ ዝናቡን ልትወቅስ ነበር፤ ቆርቆሮው ግማሹን ውጦብኝ ነው ልትል። ግን «ከንፈርሽን ዝጊ» ያሉት ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ደግሞ ምሰሶው ሥር ዝም ማለት ለምን አልከበዳትም? ዶ ፒዩ የእህቷን ልጅ ልትጠይቅ ሄዳ ሁለት ቀን በጠፋች ጊዜስ? በእነዚያ ሁለት ቀናት ድስቱ ላይ አንድ ቃል ተናግራ ነበር? አልተናገረችም። ቁጭ ብላ ነገሩን ከውስጧ ታወጣው ጀመር፤ እሾህ ከጉሮሮው እንደሚያወጣ ሰው ቀስ ብላ።

«ዶ ፒዩ እንድትሰማ ነው» አለች።

«ለምን?»

«ዶ ፒዩ ከሰማች ገበያው ይሰማል። ገበያው ከሰማ እርስዎ ይሰማሉ። እርስዎ ከሰሙ ልጅዎን ይከለክላሉ።» ቆም አለች። «እኔ አላሰብኩትም። እሱ ነው ያሰበው። ግን እሱ ሌላ አገር የለውም፤ እኔ ነኝ። ስም ስላወጣሁለት ያወቅኩት መስሎኝ ነበር። ለካ እኔ ልብሱን እየቆጠርኩ ስስቅ፣ እሱ በእኔ አፍ ሥራውን ይሠራ ነበር።»

የሰሌኑ መጋረጃ ተገልጦ ሞ ሞ ወጣች፤ በጥርሷ ክር ነክሳለች።

«እማ፣ ለዶ ፒዩ ‹ለማንም አትንገሪ› ብለሻታል እንዴ?»

«ብያታለሁ።»

«በዚያው ቃል?»

«በዚያው ቃል።»

ሞ ሞ ክሩን ከአፏ አወጣች። ማልቀስ ጀምራ ነበር፤ ግን መሐል ላይ ሳቅ ያዛት፤ ሁለቱን ማስማማት አቅቷት ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። እናቷ ዞር ብላ አላየቻትም። ዶ አይ ቻንን ነበር የምታየው፤ የሴትየዋ ጫማ በር ላይ ነው፣ አንዱ ተገልብጧል።

«ልሄድ ነው» አለች ዶ አይ ቻን። ሞ ሞ ሳቋን አቆመች። «ቆሜ ውዬ ወገቤን አመመኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ጥፋቱን ሳልይዘው ራሱ አውጥቶ የነገረኝ ተማሪ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ አሁን ዳኛ ነው። ሌላው እስር ቤት ነው።» ሙዙን ወደ ዶ ኙንት ዪ ገፋ አደረገችው። «ሽማግሌዎቹ በቀናቸው ይመጣሉ። አንድ ነገር ብቻ፤ ነገ ገበያ ወጥተው ያ ሰውዬ እንደሌለ በራስዎ አፍ ይናገሩ። እኔ የምዛመደው ከእርስዎ ጋር እንጂ ከጸሐፊው ጋር አይደለም።»

በማግስቱ ዶ ኙንት ዪ ጭልፋውን በድስቱ ጠርዝ ላይ ሦስት ጊዜ መታች። ሁሉም ዞረ።

«ስሙኝ። ኡ ባ ማውንግ የሚባል ሰው የለም። ኖሮም አያውቅም።»

ከሁሉ በፊት ዶ ፒዩ ጠጋ ብላ ክንዷን ያዘቻት።

«መቼ ነው የሄደው?»

«አልሄደም። የለም ነው የምልሽ።»

«ይገባኛል እህቴ። እኔም የመጀመሪያው ባሌ ሲሄድ የለም እል ነበር።»

«ኡ ሶ ቴይን፣ አንተ ንገራቸው እንጂ። ሻይ ቀዳሁለት ያልከው ማንን ነው?»

ኡ ሶ ቴይን አንገቱን ደፋ። ዋሽቼ ነው ማለት ለሻይ ቤት ባለቤት ቀላል አይደለም። «እኔ እንኳ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ያን ቀን ሳየው ልቡ እዚህ አልነበረም። ሻዩንም አልጨረሰው።»

በአንድ ጠዋት ኡ ባ ማውንግ ከዳተኛ ሆነ። ዣንጥላውን ይዞ ወደ ማግዌ ተመለሰ፤ ሪዙንም አሳደገ። ሴቶች ለዶ ኙንት ዪ የተጠበሰ ቅል አመጡላት፣ አንዷ የጉልበት ቅባት አመጣች። ዓሣ ነጋዴዋ፣ ያቺ የዛሬ ስድስት ዓመቷ፣ ትልቁን አምባዛ መርጣ ሰጠቻትና፣ «ወንድ እንዲህ ነው» አለቻት። ኮ ሃን ተሯሩጦ መጣ፤ መልስ ይዞ። ዶ ኙንት ዪ አየችው፤ ከኋላውም ማን እንዳለ አየች። ከዚያ ዓሣውን ተቀብላ «እንዲህ ነው» አለች። ሰው ሲያዝንላት ለመጀመሪያ ጊዜ የቻለችው ያን ቀን ነው መሰለን። ሾርባው ጨው አልበዛበትም።

ሰርግ የማይደረግበት የዝናቡ ወራት ጾም ካለቀ በኋላ ሞ ሞና ኮ ሄይን ተጋቡ። እንደ ሰርግ ወጉ የተብላላ የሻይ ቅጠል ተበላ፤ ዶ አይ ቻን ንግግር አደረገች፤ ንግግሩ ረጅም ስለነበር ሁለት ዓሣ ነጋዴዎች ጀርባቸውን እንዳቀኑ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በሦስተኛው ቀን ጀልባው መጣ። ሞ ሞ ወጣች፣ እጇን አውለበለበች። እናቷ መቆሚያው ላይ ቆማ አየቻት፤ ከንፈሯ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ ድስቷን ልታጥብ ሄደች። ሰው የጠበቀው ለቅሶ ነበርና ቅር ያለው አልጠፋም።

የሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ከመግባቱ በፊት ሞ ሞ አረገዘች የሚል ወሬ መጣ፤ የመውለጃዋ ወርም ደረሰ። ዶ ኙንት ዪ ለአራተኛ ጊዜ ከሮቃው ዛፍ ሥር ልትጠፋ ሆነ። ቅርጫቷን እስከ ጀልባው የተሸከመላት ከመካከላችን አንዱ ነው። እሱም ከዓመታት በፊት ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰ የራሱ ሰው ነበረው፤ ማለዳ ማለዳ ሾርባውን ሲጠጣ ከጀርባው የሚቆም፣ እንደ ኡ ባ ማውንግ ያለ እንግዳ ነበረበት፤ እንግዳው በምን ቀን እንደተወለደ ግን አያውቅም። መንገዱን ሁሉ ሊጠይቃት አስቦ ነበር፤ ኡ ባ ማውንግ አሁንም ይመጣ እንደሆን፣ መምህሩ እንዳሉት ሲሄድስ አይታው እንደሆን።

«ቀስ በል፣ ማሰሮው ይሰበራል» አለችው። «ክንድህ የቀርከሃ እንጨት ነው። ሳትበላ ነው የመጣኸው?»

«በልቻለሁ፣ አክስቴ።»

«ዋሸህ። ስማኝ፣ የማዶዋን ሾርባ እንዳትጠጣ። ዓሣዋን አትለቅምም።»

«አክስቴ፣ አንድ ነገር…»

«ቆይ፣ ያ ሰውዬ ቦታዬ ላይ ዘንቢሉን ሊያስቀምጥ ነው።»

ሽርጧን ሰብስባ ጉልበቷን በእጇ ደግፋ፣ ጠባቧን መሸጋገሪያ እንጨት ተራመደች። ጀልባው ጮኸ፣ ገመዱ ተፈታ። ከሞተሩ ድምፅ በላይ ባለዘንቢሉን «ለየትኛው ቂጥህ ነው ይህን ያህል ቦታ?» ስትለው ተሰማ፤ ከዚያ ጀልባው ወደ ወንዙ መሐል ገባ።